ስለ ምግብና ልብ ሕመም ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንደኛው «ስብ ሁሉ ገዳይ ነው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ በሰባት አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን ማጥናት ጀመሩ። የቀርጤስ ደሴት ግሪኮች ጉልበታቸውን 40 በመቶ ያህል የሚያገኙት ከስብ ነበር። በልብ ሕመም የሚሞተው ግን እዚያ በጣም ጥቂት ሰው ነበር። ስቡ የወይራ ዘይት ነዋ! ቅቤና ያልተገፋ ወተት የሚያዘወትሩት የምሥራቅ ፊንላንድ ሰዎች ግን ከሁሉም የባሱ ሆኑ።

«በዘራችን የለም» ማለትም አያዋጣም። ካሊፎርኒያ የገቡ ጃፓናውያን አገር ቤት ከቀሩት ይልቅ በልብ ሕመም ተጠቁ፤ ሃዋይ ያሉት መሃል ላይ ነበሩ። ደሙ ያው ነው፤ ማዕዱና ኑሮው ነው የተለወጠው። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ላይም ከዓመታት በኋላ ልብን የሚጎዳው የስኳር በሽታ በዝቷል።

«እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ምን ይነካኛል?» የሚለው የእኛው ነው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ግሩም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን በምን ተሠራ? ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋውን ዘይት አስቡት። ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብ ነው። በዚያ ላይ ፓስቲው፣ ሳምቡሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጨመራል። ይሄ ሁሉ የጾም ነው፤ ለልብ ግን ፍስክ ነው። የሚፈስሰውን የሱፍ ዘይት፣ እሱንም ቆጠብ አድርጎ መጠቀም ይሻላል።

ጨውንም እንረሳለን። የድሮዎቹ ጃፓናውያን ልባቸው ደህና ሆኖ ስትሮክ ይጥላቸው ነበር፤ አንዱ ምክንያት ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በርበሬውና ሽሮው ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና እንነሰንሳለን።

የመጨረሻው ሁሉን በምግብ ማሳበብ ነው። በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በሰሜን ካሬሊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ዘመቻ ተጀመረ። በ35 ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም መሞታቸው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ቅቤውን ብቻ አይደለም የተዉት፤ ሲጋራም ቀንሰዋል፣ ግፊታቸውንም እየተለኩ ታክመዋል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ጀምሬያለሁ ብሎ የግፊት ኪኒን ማቋረጥ፣ ኧረ በፍጹም!