«ኮአሊሽኑ ሊፈርስ ነው» ሲባል፦ የክኔሴትን (የእስራኤል ፓርላማን) እጅ እንዴት እንቆጥራለን?

እስራኤል ውስጥ «መንግሥት ሊወድቅ ነው» የማይባልበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። የሚወድቅበት ቀን ግን ጥቂት ነው፤ ሲወድቅም ብዙ ጊዜ ዜናው በጣም በጮኸበት ቀን አይደለም። ከታች ያለው ጫጫታውን ከእውነተኛው መፍረስ ለመለየት የሚረዳ አካሄድ ነው። ምሳሌያችን በዋናነት የናፍታሊ ቤኔትና የያኢር ላፒድ የጋራ መንግሥት ነው፤ ከጁን 2021 እስከ ጁን 2022 ድረስ ሁሉም ዓይነት ስንጥቅ ስለታየበት ለመማሪያ የሚሆን ሌላ አይገኝም። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሠንጠረዥ ሥሩ

አንድ ወረቀት ውሰዱና የጥምረቱን ፓርቲዎች ከነመቀመጫቸው ጻፉ። የቤኔት መንግሥት ሲመሠረት እንዲህ ነበር፦ የሺ አቲድ (የላፒድ ፓርቲ) 17፣ ካሆል ላቫን 8፣ ያሚና (የቤኔት ፓርቲ) 7፣ የሠራተኛ ፓርቲ 7፣ እስራኤል ቤይቴኑ 7፣ አዲስ ተስፋ 6፣ ሜሬትስ 6፣ ራአም (የአረብ ፓርቲ) 4። ድምሩ 62 ይመጣል። ክኔሴት 120 መቀመጫ ስላለው «ሁለት ትርፍ አለው» ብሎ ማለፍ ይቀላል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፓርቲ መቀመጫና የሚነሳ እጅ አንድ አይደሉም። የያሚናው አሚሐይ ሺክሊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንግሥቱን ተቃወመ፤ 62ቱ 61 ሆነ። ጁን 13 ቀን 2021 ቃለ መሐላ ሲፈጸም ደግሞ ከራአም አንዱ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገና ውጤቱ 60 ለ59 ሆነ። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ከፓርቲው ስም አጠገብ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፤ እዚያ ውስጥ «ባለፉት ሦስት ከባድ ድምፆች ምን አደረገ?» የሚለውን በስም መዝግቡ። ክኔሴት እያንዳንዱ አባል እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ያወጣል፤ ከቃለ መጠይቅ ይልቅ እሱን እመኑ።

ሠንጠረዡን የሚያዛባ ሌላ ነገር «የኖርዌይ ሕግ» የሚባለው ነው። ሚኒስትር የሆነ ሰው የክኔሴት መቀመጫውን ለቆ ከዝርዝሩ ቀጣዩ ሰው ይገባለታል፤ ከሚኒስትርነቱ ሲለቅ ግን መቀመጫው ይመለስለታል፣ ተተኪውም ይወጣል። በሜይ 2022 የሃይማኖት አገልግሎት ሚኒስትሩ ማታን ካሃና ሥልጣኑን ለቆ ወደ ክኔሴት የተመለሰው ጠብ ኖሮ አይደለም። በቦታው የገባው ዮም ቶቭ ካልፎን ይከዳል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው «ሚኒስትር ለቀቀ፣ መንግሥት ተናጋ» ይላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር፤ ቀዳዳ እየተደፈነ ነበር።

60 ለ60 መውደቅ አይደለም

ኤፕሪል 6 ቀን 2022 የጥምረቱ ሊቀመንበር፣ የያሚናዋ ኢዲት ሲልማን ጥምረቱን ለቀቀች። ቅርብ ምክንያቱ በፋሲካ ሰሞን ሐሜጽ (እርሾ ያለበት ምግብ) ሆስፒታል ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ነበር። ቁጥሩ 60 ለ60 ሆነ። በዚያ ቀን ብዙ ሰው መንግሥቱን ቀበረው፤ እሱ ግን እስከ ጁን መጨረሻ ቆየ።

ለምን? አብላጫን ማጣትና መፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ። ተራ ሕግ የሚያልፈው ድምፅ ከሰጡት አባላት በአብላጫው ነው፤ 60 ለ60 የሆነ መንግሥት ሕግ ማውጣት ያቅተዋል እንጂ ከወንበሩ አይነሳም። ለማንሳት ከሚከተሉት በሮች አንዱ መከፈት አለበት፦

1. የመተማመኛ ድምፅ መንፈግ። ከ2014 ወዲህ ተቃዋሚው «አንፈልግም» ማለት ብቻ አይበቃውም። 61 አባላት በዚያው ድምፅ ሌላ መንግሥት ላይ መስማማት አለባቸው። ቀኝ ጽንፍና የአረብ ፓርቲዎች አንድ ላይ መንግሥት ይጠሉ ይሆናል፤ አንድ ላይ መንግሥት አይመሠርቱም። ስለዚህ በየሳምንቱ ለሚቀርበው መተማመኛ የመንፈግ ሐሳብ ብዙም አትደንግጡ። ጀርመንም ተመሳሳይ አሠራር አላት፤ ሄልሙት ኮል በ1982 ሄልሙት ሽሚትን የተካው በዚሁ መንገድ ነበር።

2. ክኔሴት ራሱን የሚበትንበት ሕግ። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በር ይህ ነው። ተመልሰን እናየዋለን።

3. በጀት። የበጀት ዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል፤ እስከ ማርች 31 ካልጸደቀ ክኔሴት ያለማንም ድምፅ በራሱ ይበተናል። በዲሴምበር 23 ቀን 2020 የሆነው ይህ ነው፤ የጊዜ ገደቡ በሕግ ተራዝሞ ነበር፣ እሱም አለፈ። ማንም እጁን ሳያነሳ በራሱ የሚወድቅበት መንገድ ስለሆነ ቀኑን ካላንደራችሁ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉበት።

4. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ መበተን። እምብዛም አይሠራበትም።

የመበተን ሕግ፦ ስንት ደረጃ ቀረው?

«ክኔሴትን የመበተን ሕግ አለፈ» የሚል ርዕስ ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ንባብ?» ነው። አንድ አባል ያቀረበው ረቂቅ አራት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፦ በቅድመ ንባብ፣ ከዚያ ከኮሚቴ በኋላ በመጀመሪያ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ንባብ። መጨረሻው ላይ 61 ድምፅ ያስፈልገዋል። ቅድመ ንባብ ያለፈ ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ማወቅ ከጋዜጣዊ መግለጫ ይበልጣል።

መሸነፍም ዋጋ አለው። ረቂቁ ከወደቀ ያንኑ ለስድስት ወር መልሶ ማቅረብ በመደበኛው አይቻልም። በኔታንያሁ መንግሥት ጊዜ፣ ጁን 12 ቀን 2025 የተቃዋሚው ረቂቅ በ61 ለ53 ወደቀ፤ ስለዚህ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሃይማኖት ፓርቲዎቹ ከመንግሥት ሲወጡ ያ መሣሪያ በተቃዋሚው እጅ አልነበረም። ድምፁ እንደማይበቃ የገባው ተቃዋሚ ረቂቁን በመጨረሻው ሰዓት ከአጀንዳ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ «ፈራ» አይባልም፣ ጥይቱን ቆጠበ እንጂ።

ቃላቱን ለይታችሁ ስሙ

«ከመንግሥት ወጣን» እና «ከጥምረቱ ወጣን» አንድ አይደሉም። ጁላይ 16 ቀን 2025 የሃይማኖት ፓርቲው የሻስ ሚኒስትሮች ሲለቁ ፓርቲው ጥምረቱን እንደማይጥል አብሮ ተናገረ። ወንበር ተለቀቀ፣ ድምፅ ግን አልተለቀቀም። የሚኒስትር መልቀቂያ የሚጸናውም ደብዳቤው ከገባ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ መሃል ብዙ ስልክ ይደወላል።

«ተሳትፏችንን አግደናል» የሚለውን ከሰማችሁ ደግሞ ክኔሴት ስብሰባ ላይ መሆኑን እዩ። ራአም በአል አቅሳ ግጭት ምክንያት ኤፕሪል 17 ቀን 2022 ራሱን ሲያግድ ክኔሴት እረፍት ላይ ነበር፤ የበጋው ስብሰባ ሜይ 9 ተከፈተ፣ ፓርቲው ሜይ 11 ተመለሰ። በመሠረቱ ምንም ሳያጣ ተቆጣ።

በዚያው ሜይ የሜሬትሷ ጋይዳ ሪናዊ ዞአቢ በ19ኛው ቀን ወጣች፣ በ22ኛው ተመለሰች። ሦስት ቀን! እንዲህ ያለውን ሠንጠረዡ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

እውነተኛው ስንጥቅ ምን ይመስላል?

የመፍረሱን ምልክት የምታገኙት መንግሥት ሊያሳልፈው ግድ የሆነበት፣ ግን የራሱ ሰዎች የማይውጡት ሕግ ላይ ነው። በ2022 ይህ በዌስት ባንክ ለሚኖሩ እስራኤላውያን የእስራኤልን ሕግ ተፈጻሚ የሚያደርገው ደንብ ነበር። በየጊዜው ይታደሳል፤ ጁን 30 ሊያበቃ ነበር። ጁን 6 ለመጀመሪያ ንባብ ቀርቦ በ58 ለ52 ወደቀ።

ይህን ድምፅ በደንብ እዩት። የተቃዋሚው ሊኩድ (የኔታንያሁ ፓርቲ) አባላት ደንቡን ይፈልጉታል፤ ግን ተቃወሙት፣ ምክንያቱም ያነጣጠሩት መንግሥቱን እንጂ ደንቡን አልነበረም። ከጥምረቱ ውስጥ ሪናዊ ዞአቢና የራአሙ ማዜን ጋናይም ተቃወሙ፤ የተቀሩት የራአም አባላትና ሲልማን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ያልተገኘ ሰው አንዳንዴ ከተቃወመ ሰው ይበልጥ ይናገራል። (አንድ ጥንቃቄ፦ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው አንድ አንድ ሰው የሚያስቀሩበት «ኪዙዝ» የሚባል ልማድ አለ። ከሁለቱም በኩል እኩል ሰው ከቀረ ኩርፊያ አይደለም።)

ጁን 13 የያሚናው ኒር ኦርባክ ወጣ። አሁን ሰዓቱ ከቁጥሩ ጋር ተገናኘ፤ 17 ቀን ቀርቷል፣ ደንቡን የሚያሳልፍ እጅ የለም። ጁን 20 ቤኔትና ላፒድ ራሳቸው ክኔሴትን እንበትናለን አሉ። ይህ ሽንፈት ብቻ አልነበረም፤ በመሠረታዊ ሕጉ መሠረት ክኔሴት ከተበተነ በዚያ ሰሞን የሚያበቁ ሕጎች በራሳቸው ይራዘማሉ። መንግሥቱ በድምፅ ያላገኘውን በመፍረስ አገኘው። ጁን 30 ሕጉ በ92 ለ0 አለፈ፤ ላፒድም ከቤኔት ጋር ሥልጣኑን በየተራ ለመያዝ በነበራቸው ስምምነት መሠረት በማግስቱ ጁላይ 1 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በመሃሉ ጉዳያችሁ ምን ይሆናል?

የድሮው መንግሥት አይሄድም፤ አዲሱ እስኪምል ድረስ በባለአደራነት ይቀጥላል። የተላለፈ ውሳኔም ካልተሻረ ጸንቶ ይኖራል። ከኢትዮጵያ 3,000 ሰዎች እንዲገቡ የተወሰነው ኖቬምበር 28 ቀን 2021 ነበር፤ በስደተኞች መቀበያ ሚኒስትሯ በፕኒና ታማኖ ሻታ ዘመን በረራው ጁን 1 ቀን 2022 ጀመረ፣ መንግሥቱ በወሩ መጨረሻ ፈረሰ፤ ውሳኔው ግን አብሮ አልፈረሰም። የሚቆመው አዲስ ውሳኔ፣ አዲስ ሹመትና አዲስ ገንዘብ ነው። በጀት ሳይጸድቅ ጃንዋሪ ከገባ በየወሩ ያለፈው ዓመት በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ይወጣል። ቤተሰብ የሚጠብቅ ሰው ታዲያ መጠየቅ ያለበት «ሚኒስትሩ ማን ሆነ?» ብሎ ሳይሆን «ውሳኔው ወጥቷል? ገንዘቡስ ተመድቧል?» ብሎ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 በዚህ ላይ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ጥምር መንግሥት አብላጫውን ካጣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጥምረት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል፤ ካልሆነ ምክር ቤቱ ተበትኖ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል፣ በመሃሉ ያለው መንግሥትም አዲስ አዋጅ፣ ደንብ ወይም ድንጋጌ ማውጣት አይችልም። በእስራኤል እንዲህ ያለ ግልጽ ክልከላ የለም፤ ልጓሙ የሚመጣው ከዋናው የሕግ አማካሪና ከፍርድ ቤት ነው።

ምርጫው ሲጠራ

ዜጋ ለመመዝገብ ወረፋ አይይዝም፤ ስሙ በሕዝብ መዝገብ ካለው አድራሻ ይወሰዳል። ቤት ቀይራችሁ አድራሻ ካልቀየራችሁ ካርዳችሁ ወደ ድሮው ሰፈር ይሄዳል። ከዲፕሎማቶችና መሰሎቻቸው በቀር ውጭ አገር ሆኖ መምረጥ አይቻልም። ከመጋረጃው ጀርባ ፊደል የታተመባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ታገኛላችሁ፤ አንዱን ብቻ ፖስታው ውስጥ ክተቱ። የሁለት ፓርቲ ወረቀት አንድ ላይ ከገባ ድምፁ ይሰረዛል።

ሠንጠረዥ ስትሠሩ ደግሞ 3.25 በመቶ የሚለውን መስመር አስምሩ፤ ከሱ በታች ያለ ፓርቲ አንድም ወንበር አያገኝም። ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ሜሬትስ 3.16 በመቶ አግኝቶ ከስድስት መቀመጫ ወደ ዜሮ ወረደ። የኔታንያሁ ጎራም 64 መቀመጫ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቀን ቆጠራ ነው። መንግሥት እንዲመሠርት የተሰየመው ሰው 28 ቀን አለው፤ ፕሬዚዳንቱ እስከ 14 ቀን ሊጨምርለት ይችላል። ኔታንያሁ ኖቬምበር 13 ተሰየመ፣ ጊዜው ዲሴምበር 11 አበቃ፣ አሥር ቀን ተጨመረለት። 64 መቀመጫ ይዞም ለፕሬዚዳንት ሄርዞግ «ተሳክቶልኛል» ብሎ የደወለው ዲሴምበር 21 ማታ፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። መንግሥቱ ዲሴምበር 29 በ63 ለ54 ማለ፤ ከያሚና የከዱት ሲልማንና ሺክሊ ሁለቱም በሊኩድ በኩል ሚኒስትር ሆነው ተቀመጡ።