እባብ ፎቶ ማንሳት ለምትፈልጉ

አንኮበር ወይም ወፍ ዋሻ አካባቢ በእግር ለምትንሸራሸሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እባብ ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው፤ ደጋው ደግሞ ብርድ ነው። ስለዚህ በሌሊት ተነስታችሁ አትልፉ። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩ ለብ ሲል ሂዱ። የካብ ጥግ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና ፀሐይ የሚመታውን ቁጥቋጦ ሥር ከሩቅ በዓይን ቃኙ። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ የእግራችሁ ንዝረት በመሬት በኩል ይሰማዋል። ድንጋይ እየፈነቀላችሁ ግን በፍጹም አትፈልጉ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላው ስትወርዱ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እፉኝት ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ዝም ብሎ መተኛት ይቀናዋል። መልኩም ከደረቅ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ረጅም ጫማ አድርጉ፣ እጃችሁን የማታዩት ቦታ አታስገቡ።

ካገኛችሁት ቢያንስ 3 ሜትር ራቁና ዙም አድርጉ። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ይሁን። ዓይኑ ከጠራ የቀረው ቢደበዝዝም ፎቶው ያምራል። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ወደ ጎን ቁሙ። እንዲንቀሳቀስላችሁ ብላችሁ በእንጨት አትነካኩት፤ እሱ እንዲህ ሲበሳጭ ማየት ያሳዝናል፣ ለእናንተም አደጋ ነው።

ሰው ከነደፈ የተነደፈውን ቦታ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ አጥብቃችሁም አትሰሩት። የተነደፈው እግር ወይም እጅ ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ሐኪም ቤት ይድረስ።