ኬንያ ስትነዱ ጋቢና ማን ይቀመጥ?

ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ በሞያሌ በኩል ኬንያ በመኪና ለመሄድ ያሰባችሁ ጓደኛሞች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። የእኛ መኪና መሪም በግራ ስለሆነ ሹፌሩ የመንገዱ ዳር ላይ ይቀራል። ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ፣ ከማዶ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው ጋቢና ያለው ሰው ነው። ስለዚህ እንቅልፋሙን ከኋላ አስቀምጡት! ሹፌሩ ለመቅደም ሲያስብ "ባዶ ነው" ወይም "ቆይ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። "ባዶ ይመስለኛል" ካለ "ቆይ" እንዳለ ቁጠሩት።

አደባባይም የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በከባድ ማርሽ መውረድ የለመደ የጎጃም ሹፌር በፍሬን አይታማም፤ ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኮሜሳ የሎው ካርድ የሚባለውን የመኪና መድንም ከመነሳታችሁ በፊት አውጡ።

አለት ለመውጣት ከሆነ፣ ናይቫሻ አጠገብ ሄልስ ጌት ፓርክ ውስጥ ፊሸርስ ታወር የሚባል የአለት ዓምድ አለ። ቁመቱ ወደ 25 ሜትር ነው። ገመዱ ከላይ ታጥፎ ስለሚመለስ 50 ሜትር ገመድ ልክክ ይልና ለቋጠሮ አይተርፍም። 60 ሜትር ያዙ፤ ጫፉንም ቋጥሩት።

ደግሞ ገመዱን ከትርፍ የመኪና ባትሪ ጋር አትጫኑት። አሲዱ ናይለኑን ይበላዋል፣ ላዩን ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ንጹሕ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ለብቻው መቀመጫ ላይ አስቀምጡት።