ገንዘብ እያለ ማዘዝ ሲያቅት፦ ካሊፎርኒያ የተመዘገበ የጅማ ተወላጆች ማህበር ችግርና መፍትሔ

ምልክቱ ጅማ ላይ ይታያል። ሄርማታ በተባለው የጅማ ሰፈር የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ሳይለብስ ቆመ እንበል። ደጋፊው ማህበር ካሊፎርኒያ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አለው፤ የቦርዱ ዘመን ግን አልፏል። ባንኩ አዲስ ፈራሚዎችን የሚያሳውቅ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል። «ገንዘቡ ተበላ» ከመባሉ በፊት ማህበሩ መሰብሰብ ይችል እንደሆነ ይጣራ።

ስብሰባ የሚጠራ ከሌለ፦ ማህበሩ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ትርፍ አልባ ኮርፖሬሽን ከሆነ፣ በካሊፎርኒያ የኮርፖሬሽኖች ሕግ መሠረት ከአባላቱ 5 በመቶው በጽሑፍ ሲጠይቁ ልዩ ስብሰባ ይጠራል፤ ቀኑም ጥያቄው ከደረሰ ከ35 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ይሆናል። ማስታወቂያው በ20 ቀን ካልወጣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ሊያወጡት ይችላሉ። በዚህ ሕግ አባል የሚባለው ግን በደንቡ መሠረት ቦርድ የመምረጥ ወይም እንደ ማህበሩ መፍረስ ባሉ ዋና ጉዳዮች ላይ ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ነው። በየወሩ መዋጮ የሚልክ ሁሉ አባል አይደለም፤ ይህን የሚሰሙ ደጋፊዎች ቅር መሰኘታቸው አይቀርም።

ተጠርቶ ምልዐተ ጉባኤ ካልሞላ፦ ደንቡ ዝም ካለ የድምፁ አንድ ሦስተኛ ይበቃል። ደንቡ ግማሽ ካለ ግን ጣጣ ነው፤ ግማሹን ዝቅ ለማድረግ ራሱ ግማሹ መገኘት አለበት። መዝገቡ ላይ ካሉት ከፊሉ አድራሻ ቀይረዋል፣ ከፊሉም አርፈዋል። ለዚህ ነው የኮርፖሬሽኖች ሕጉ አንቀጽ 5515 የተጻፈው። በደንቡ መንገድ መሰብሰብ ከመጠን በላይ ሲያስቸግር፣ የቦርድ አባል፣ ኃላፊ፣ የማህበሩ አባል ወይም የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለካውንቲው ሱፐርየር ፍርድ ቤት ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ስብሰባ እንዲጠራ ወይም ድምፅ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማዘዝ፣ የምልዐተ ጉባኤውንም ቁጥር ግዴታ ማስቀረት ይችላል። ጥሪው ለሁሉም ሊደርስ በሚችልበት መንገድ እንዲተላለፍ ይወስናል፤ ለአንዳንዱ ባይደርሰውም ውሳኔው ይጸናል። የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቤቱታው ላይ የከሸፉት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ የተመለሱ ደብዳቤዎችና የአባላት መዝገብ ይያያዙ። የድሮ ቂም ይቅር። አጀንዳው በተቻለ መጠን ማህበሩን ወደ ሥራ በሚመልሱ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ በደንብ ማሻሻያ፣ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል፤ ተቀናቃኝን ለማዋረድ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ትርፉ የጠበቃ ወጪ ነው።

ጅማ ሆነው ድምፅ ያላቸው አባላት ካሉ ሰዓቱ ይታሰብበት። በበጋቸው የካሊፎርኒያ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጅማ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ነው። የካሊፎርኒያ ማታ የተመረጠ እንደሆነ ግን የጅማው አባል ሌሊት ይነሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ማህበር ይህ አንቀጽ አይሠራም፤ የራሱን መተዳደሪያ ደንብና የመዘገበውን መሥሪያ ቤት ያነጋግር።