አሮጌ ፋርሞል ትራክተርን ለጉተታ ውድድር እንዴት ማደስ ይቻላል?

በአሜሪካ ገጠር አያቶች ያረሱበት ትራክተር ዛሬም ለውድድር ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹ የጉተታ ውድድሮች በ1929 በሚዙሪና በኦሃዮ እንደተደረጉ ይነገራል። ትራክተሩ ስሌድ የሚባል ከባድ ተንሸራታች ይጎትታል። ወደፊት በሄደ ቁጥር ስሌዱ ላይ ያለው ክብደት ወደ ፊት ይመጣና መሬቱን ይጫነዋል። ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የቆመ ትራክተር የደረሰበት ርቀት ይለካለታል።

ለምሳሌ የያዝኩት ፋርሞል ኤም የተባለውን ሞዴል ነው። ከ1939 እስከ 1952 የተመረተ፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ትራክተር ነው። ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም እስካሁን ይገኛል።

1. መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ። የክብደት ምድብ፣ የመጎተቻው ብረት ከፍታ፣ የሞተር ዙርና የጎማ ዓይነት ከክለብ ክለብ ይለያያሉ። ደንቡን ሳታዩ ዕቃ አትግዙ።

2. ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት መርምሩ። ካንዴላዎቹን አውጡና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የታመቀውን አየር ግፊት፣ ለኩ። ዝቅተኛ በሆነው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ካልተለወጠ ቫልቮላውን ወይም የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጋስኬት ጠርጥሩ። ሞተሩ ነክሶ ከቆመ በጉልበት አታዙሩት። በየሲሊንደሩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሱና ቀናት ታገሡት።

3. ሞተሩን አድሱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኤም ሲሊንደር የሚቀየር ስሊቭ (የውስጥ ቱቦ) አለው፤ ስለዚህ ብሎኩን አትጥሉም። የመጀመሪያው ስፋት 3 ከ7/8 ኢንች ነው። ብዙዎች ከኤም ቀጥሎ የመጣውን የሱፐር ኤምን ባለ 4 ኢንች ስሊቭና ፒስተን ይገጥማሉ፤ ይህም ሞተሩን ከ248 ወደ 264 ኪዩቢክ ኢንች ያሳድገዋል። ክለባችሁ ከፈቀደ ደስ የሚል ለውጥ ነው። ክራንክ ሻፍቱን በማይክሮሜትር ለኩ። ክብነቱ ከጠፋ ሬቲፊካ ቤት ይስተካከልና በልኩ ብሮንዚን ይግባለት። ቴስታታው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን አስፈትሹ። የፋሻዎቹን ክፍተት በአንድ መስመር አታድርጉ፤ ግፊት ያመልጣል።

የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን ገቨርነር አስተካክሉ። ይህ ሞተር የተሰራው በደቂቃ 1450 ዙር አካባቢ እንዲሰራ ነው። ዙር ማብዛት ጉልበት ይመስላል፤ ግን ያረጀ ፍላይዊል (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ብረት) ቢበተን ሰው ይገድላል።

4. ፍሪሲዮንና ፍሬን። አዲስ ዲስክ አስገቡ። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን የሞተሩን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ፍሬኑ ግራና ቀኝ እኩል ይያዝ።

5. ክብደትና መጎተቻ። ለእኔ ውድድሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ነው። ጉልበት መሬት ካልነካ ጎማ ብቻ ያሽከረክራል። መጎተቻው ከፍ ሲል የኋላ ጎማዎች ይበልጥ መሬት ይይዛሉ፤ የፊቱ ግን ይቀላል። ከኋላ አክስል መሃል በላይ በፍጹም አታስሩ፤ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከፊት ክብደት ጨምሩ፤ ዓላማው የፊት ጎማዎች መሬቱን ለቀቅ ቢያደርጉም ብዙ እንዳይነሱ ነው። የኋላ ጎማ አየርን በጥቂቱ እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ በጣም ከቀነሰ ጎማው በቸርኬው ላይ ይዞራል። ክለቡ ከሚጠይቀው ውጪ እንኳ ቢሆን፣ ወደ ኋላ መገልበጥን የሚከላከል ድጋፍና ሹፌሩ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ አይቅሩ።

6. አለማምዱት። አዲስ የታደሰ ሞተር በቀጥታ ሜዳ አይግባ። ቀላል ስራ እያሰራችሁ አሟሹት፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ የቴስታታውን ቡሎን እንደገና አጥብቁ።

7. ሜዳ ላይ። ሰንሰለቱ እስኪወጠር ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ቤንዚኑን ክፈቱ። ፊቱ ብዙ ከተነሳ ወዲያውኑ ፍሪሲዮን ርገጡ። ስትመለሱ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አቀዝቅዙትና አጥፉት፤ ዘይቱን እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሁለተኛ ጉተታ አትሂዱ።