ጥርሱን ሌላ ሰው ከመንካቱ በፊት፦ እንግሊዝ ለገባችሁ የወሎ ልጆች ስለ ጥርስ ሕክምና ስህተትና ካሳ

«ጥርሴን አበላሹብኝ፤ ካሳ አገኛለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከወልዲያ መጥተው በቅርብ እንግሊዝ ከገቡ ሰዎች መምጣቱን አላቋረጠም። የሚያሳዝነው የሚመጣበት ጊዜ ነው። ጥርሱ ሌላ ቦታ ተነቅሎ፣ ራጅ ሳይነሳ፣ ደረሰኙ ተጥሎ፣ «አብሽር፣ ያልፋል» ሲባባል ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የሚጠየቀው። ያን ጊዜ ጠበቃም ብዙ አይረዳም። የምጽፈው ስለ ኢንግላንድ ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ ሕጉም የአቤቱታው መንገድም ስለሚለይ እዚያው ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ጤና ነው። ፊታችሁ አብጦ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃታችሁ መረጃው ይቆይ፤ 999 ደውሉ። ለሌላ አስቸኳይ የጥርስ ሕመም 111 አለ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ሕክምና ላይ አይከፈልበትም። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ «ነርቩ ሊነካ፣ ከንፈርሽ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል» የሚለውን እንዴት አድርጎ ለእናቱ ይንገር? ፋይሉ ላይ ግን «ተነግሯቸው ተስማምተዋል» ተብሎ ይጻፋል፤ በኋላ «አልተነገረኝም» ብትሉ የሚሰማችሁ ታጣላችሁ።

ሕመም ሁሉ ስህተት አይደለም። ጥርስ ከተነቀለ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ደርቆ የሚጠዘጥዘው ሕመም በጎበዝ ሐኪም እጅም ይደርሳል፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሐኪሙ ከአንድ ብቁ የጥርስ ሐኪም ከሚጠበቀው ደረጃ ወርዷል ወይ? ጉዳቱስ የመጣው በዚያ ጉድለት ነው ወይ? ሁለቱም መረጋገጥ አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን አያስከፍልም። ያልታመመውን ጥርስ መንቀል ግልጽ ስህተት ነው። በስር ሕክምና (የጥርሱን ስር ውስጡን አጽድቶ በመሙላት) ጊዜ ቀጭኗ መርፌ ውስጥ ተሰብራ መቅረቷ በራሷ ጥፋት ላትሆን ትችላለች፤ ተሰብራ ሳለ ሳይነግሩ ሸፍኖ መላክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲነቀል ነርቭ ተነክቶ ከንፈር ወይም ምላስ ቢደነዝዝ፣ ቀድሞ ራጅ ታይቷል ወይ፣ አደጋው ተነግሯል ወይ ተብሎ ይመረመራል። በ2015 የሞንትጎመሪ የፍርድ ውሳኔ ከተሰጠ ወዲህ ሐኪም ለታካሚው አስፈላጊ የሆነን አደጋና ሌላ አማራጭ ሕክምና የመንገር ግዴታ አለበት። ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ የድድ በሽታ ነው፦ ለዓመታት በየስድስት ወሩ እየሄዳችሁ ድዳችሁ አንድ ቀን እንኳ ሳይለካ፣ ሳይነገራችሁ ጥርሶቻችሁ መነቃነቅ ከጀመሩ ያ ጉዳይ ይጠየቅበታል።

አንድ ነገር አትደብቁ። በሕፃንነታችሁ ግግ ወጥቶላችሁ ከሆነ ክራንቻችሁ ላይበቅል ወይም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ይህን መጀመሪያ ሲመረምሯችሁ ተናግራችሁ አስጽፉት። ካልተጻፈ በኋላ «ጥርሱ ድሮም አልነበረም» እና «እነሱ ነቀሉት» የሚል ሙግት ይነሳል፤ ያኔ የሌላው ጥርስ እውነተኛ ጉዳትም አብሮ ይጠረጠራል።

መዝገባችሁን አውጡ

በኢሜይል ጻፉ፦ «በዳታ ጥበቃ ሕግ መሠረት ሙሉ የሕክምና መዝገቤን፣ ራጆቼን ሁሉ በኦሪጅናል ዲጂታል ፋይል፣ የፈረምኳቸውን የስምምነት ቅጾች፣ የሕክምና ዕቅዴንና የክፍያ ዝርዝሬን ላኩልኝ።» ነፃ ነው። በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ እስከ ሁለት ወር ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ያንንም አስታውቀው። ለምን እንደፈለጋችሁት የመናገር ግዴታ የለባችሁም። የኮምፒውተር ስክሪን በስልክ አንስተው ቢልኩላችሁ አትቀበሉ፤ ከዚያ ላይ ባለሙያ የስሩን ጫፍ አይለይም። ስማችሁ የተጻፈበትን የእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉ ዘርዝሩ። ሰይድ ወይም መሐመድ በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረውና ግማሹ ብቻ ይላካል። የልደት ቀንና የቀድሞ አድራሻ ጨምሩበት።

የወለቀ ሽፋን፣ የተሰበረ ቁራጭ ካለ በንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ። ፎቶ አንሱ። የቀራችሁበትን የሥራ ቀን ከደመወዝ ወረቀት ጋር፣ የማስታገሻና የትራንስፖርት ደረሰኝ ሁሉ አንድ ላይ ያዙ። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ራጅ ተነሱ። «ማን እንዳጠፋ ጻፍልኝ» አትበሉት፤ አይጽፍም። «ያየኸውን ጻፍልኝ» በሉት፤ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

«አገር ቤት ስገባ አሠራዋለሁ»

ካሳ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እዚህ አንድ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ብዙ ጊዜ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ሰው ክረምት ጠብቆ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገብቶ የተበላሸውን አስነቅሎ፣ አዲስ አስተክሎ ይመለሳል። አገር ቤት መታከም ነውርም ወንጀልም አይደለም፤ ወጪው ምክንያታዊ ከሆነና ማስረጃ ካለው ሊጠየቅም ይችላል። የሚያጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጥፎ የተሠራ ስር ሕክምና የሚታየው ጥርሱ አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከተነቀለ በኋላ የመጀመሪያው ሐኪም ኢንሹራንስ «ጉዳቱን ያደረሰው ሁለተኛው ነው» ይላል፤ ያንን የምታፈርሱበት ራጅ የላችሁም።

ቀጥሎ የቀን ጉዳይ አለ። አገር ቤት ያለው ክሊኒክ ደረሰኙን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12/02/2017 ብሎ ይጽፈዋል፤ ጥቅምት 12 ማለቱ ነው። ለንደን ያለ ሰው ግን ፌብሩዋሪ 2017 ብሎ ያነበዋል፤ እናንተ እንግሊዝ ከመግባታችሁም በፊት ማለት ነው! በፈረንጅ አቆጣጠር ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 22፣ 2024 ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የእናንተን ማስረጃ ለተከሳሹ መከላከያ ያደርገዋል፦ «ጥርሱ ከእኛ በፊት ታክሟል» ይላሉ። ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፣ «ኢ.አ.» እና «እ.ኤ.አ.» ተብሎ።

የጥርሱ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች የታችኛውን ግራ ስድስተኛ ጥርስ «ኤልኤል 6» ይሉታል፤ በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ ሁለት አኃዝ አጻጻፍ ግን ያንኑ ጥርስ 36 ይለዋል። አገር ቤት ያለው ሐኪም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «የታች፣ ግራ፣ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ» ብሎ በቃል እንዲጽፍ ለምኑት።

ስለዚህ መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ከበረራው በፊት መዝገባችሁ በእጃችሁ ይሁን፤ ሌላ የእንግሊዝ ሐኪም ያነሳው ራጅም ይኑራችሁ። እዚያ ስትደርሱ ከሥራው በፊትና በኋላ ራጅ ይነሳ፣ ፋይሉ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ይሰጣችሁ፤ ሐኪሙ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት እንዳስከፈለ በእንግሊዝኛ ጽፎ ፈርሞ ማህተም ያድርግበት። ይህን ሁሉ የማትችሉ ከሆነ ጉዳዩ እስኪጣራ ጥርሱን አታስነኩት።

ሌላም ምክንያት አለ። በኤንኤችኤስ የተሠራ ሙሌት፣ ስር ሕክምና ወይም ክራውን (የጥርስ ሽፋን) በ12 ወር ውስጥ ቢበላሽ ያው ክሊኒክ ያለ ክፍያ ማስተካከል አለበት። ሌላ ሐኪም ጥርሱን ከነካው ግን ይህ መብት ይቀራል።

አቤቱታው የት ይቀርባል?

በኤንኤችኤስ ነው ወይስ በግል የታከማችሁት? ይህን ሳያውቁ የሚጽፉ ሰዎች ደብዳቤያቸው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ወራት ያልፋል። ደረሰኙን እዩ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የኢንግላንድ ኤንኤችኤስ ክፍያ እንደ ሕክምናው ዓይነት 27.40፣ 75.30 ወይም 326.70 ፓውንድ ነበር፤ ለአንድ ሙሌት 180 ከከፈላችሁ የግል ነው። አንድ ክሊኒክ ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል፣ ያውም በአንድ ቀጠሮ።

የኤንኤችኤስ ከሆነ ለክሊኒኩ ወይም ለአካባቢያችሁ የኤንኤችኤስ ቦርድ ታመለክታላችሁ፤ ለሁለቱም አይደለም፣ አንዱን ምረጡ። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ደርሶናል ማለት አለባቸው። ካልረካችሁ ወደ ጤና እንባ ጠባቂው ይሄዳል። የግል ከሆነ መጀመሪያ ክሊኒኩ፣ ቀጥሎ የጥርስ ቅሬታ አገልግሎት የሚባለው ነፃ ተቋም ነው፤ ገንዘብ ማስመለስ ወይም የማስተካከያ ወጪ ላይ ያስማማል። ለሁለቱም መደበኛው ጊዜ 12 ወር ነው። ጂዲሲ የሚባለው የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ሐኪሙን ይቀጣ ይሆናል እንጂ ለእናንተ ካሳ አይሰጥም።

ነፃ ታክሜአለሁ፣ ኤችሲ 2 (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የነፃ ሕክምና ወረቀት) አለኝ፣ ጥገኝነቴ ገና ነው ብላችሁ አትፍሩ። ነፃ የታከመም ሰው እኩል መብት አለው። የሚከፍለው የሐኪሙ የሙያ መድን ነው፤ እያንዳንዱ የጥርስ ሐኪም ሊኖረው ግዴታ ነው።

ሐኪሙ ይቅርታ ስለጠየቃችሁ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ አታስቡ። በእኛ ሽምግልና ይቅርታ የጠየቀ ጥፋቱን አምኗል፣ ካሳው ይቆረጥበታል። እዚህ በ2006 የወጣው የካሳ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ ይደነግጋል። ከይቅርታው ጋር 75 ፓውንድ እንመልስላችሁ፣ እዚህ ላይ ፈርሙ የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ «ሙሉና የመጨረሻ ስምምነት» የሚል ሐረግ እንዳለበት ሳታስተረጉሙ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ ጉዳታችሁ ሦስት ሺህ ፓውንድ የሚያስጠይቅ ቢሆን እንኳ ጥያቄው እዚያው ተዘጋ።

ጊዜ እየተቆጠረ ነው። ፍርድ ቤት የሚኬድበት ገደብ ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ካወቃችሁበት ቀን 3 ዓመት ነው። ለልጅ 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ስለሚቆጠር እስከ 21ኛ ልደቱ ይደርሳል። አቤቱታ ማስገባት ይህን ሰዓት አያቆመውም። ክሊኒኩ በትሕትና ኢሜይል እየላከ ያቆያችኋል፤ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ጠበቃ

ለጥርስ ስህተት የመንግሥት የሕግ ድጋፍ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ያለው «ካላሸነፍን አትከፍሉም» የሚለው ውል ነው። ካሸነፋችሁ ጠበቃው ለሕመሙና ላለፈው ኪሳራ ከተፈረደው ላይ እስከ 25 በመቶ ሊወስድ ይችላል፤ ብትሸነፉ ወጪ የሚሸፍንላችሁ ኢንሹራንስ አረቦንም ከላዩ አለ። ከመፈረማችሁ በፊት «ብሸነፍ ምን እከፍላለሁ? መሐል ላይ ባቋርጥስ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ስሙን በጠበቆች ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ፈልጉ። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ፣ አማርኛ ቢናገርም፣ የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም፣ ጠበቃ አይደለም።

ጠበቃው ሙሉ የጥያቄ ደብዳቤ ከላከ በኋላ ተከሳሹ በ14 ቀን መድረሱን ማሳወቅ፣ በ4 ወር መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። የኋላ ጥርስ አንዱ ለሕመሙ ብቻ የሚያስገኘው ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ፓውንድ አካባቢ ነው፤ የወደፊቱ ማስተካከያ ወጪ ለብቻው ይታሰባል። ለዚህ ነው ብዙ ጠበቆች ትንሽ ጉዳይ የማይይዙት። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በጥቂት መቶ ፓውንድ የሚስተካከል ሙሌት ከሆነ አቤቱታው ይበቃችኋል፤ ጥርስ ካጣችሁ፣ ነርቭ ከተነካ ወይም ድዳችሁ ከወደመ ግን ጠበቃ ያዙ፣ በትሕትና አትተዉት።

ገንዘቡ ሲገባ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት የኑሮ ድጎማ) የምትወስዱ ከሆነ በጆርናላችሁ (መልእክት በምትጻጻፉበት የኢንተርኔት ገጽ) ላይ የግል ጉዳት ካሳ መሆኑን ጻፉ። ለመጀመሪያዎቹ 52 ሳምንታት እንደ ቁጠባ አይቆጠርባችሁም፤ ከዚያ በኋላ 6,000 ፓውንድ ካለፈ ድጎማው መቀነስ ይጀምራል። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ስለ ካሳ ትረስት (ካሳው ለብቻው በአደራ ስለሚቀመጥበት መንገድ) ጠበቃውን ጠይቁት።