ዓሣው እንደ ወትሮው አልዋኝ ሲል

በቤት ገንዳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ሲያመው የሚያቃስትበት ድምፅ የለውም። ቆዳው ላይ ቁስል ወይም ነጠብጣብ ከመውጣቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው አዋዋኙ ነው፤ ያዘነብላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ላይ ላዩን ይላል፣ ወይም ከአንድ ጥግ አልነቃነቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው የሚያስበው መድኃኒት ነው። እባክዎ አይቸኩሉ። እኔ ካየኋቸው ያልተለመዱ ዋናዎች የአብዛኞቹ መነሻ ውሃው ነበር፤ በተበላሸ ውሃ ላይ መድኃኒት መጨመር ደግሞ ለተዳከመ ዓሣ ተጨማሪ ሸክም ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የተለወጠው አንድ ዓሣ ነው ወይስ ሁሉም? የተለያየ ዝርያ ያላቸው ዓሣዎች በአንድ ጊዜ ከተለወጡ ውሃውን ይጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከሆነ ሕመም፣ እርጅና ወይም የሚያሳድደው ሌላ ዓሣ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ፣ ለውጡ የመጣው በሰዓታት ውስጥ ነው ወይስ በቀናት? ድንገት ከሆነ መመረዝ ወይም የኦክስጅን እጥረት፣ ቀስ በቀስ ከሆነ ጥገኛ ተሕዋስያን ወይም ኢንፌክሽን ይሆናል ብሎ መነሳት ያስኬዳል።

ከዚያ ይለኩ፦ ሙቀት፣ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ)፣ እንዲሁም ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጡትን አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት። አሞኒያና ናይትራይት 0 መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ችግር፦ ውሃው ገጽ ላይ አፉን ከፍቶ ያለከልካል

ከሁሉም አስቸኳዩ ይህ ነው። የሚተነፍስባቸው ስንጥቦቹ ቶሎ ቶሎ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ዓሣው ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ አጠገብ ይቆማል።

አንዱ ምክንያት የኦክስጅን ማነስ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። በዚያው ልክ የዓሣው ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ዕፅዋት የበዙበት ገንዳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ሌሊት ብርሃን ስለሌለ ዕፅዋቱ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ዓሣዎችዎ የሚያለከልኩት ማለዳ ላይ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ያተኩሩ።

ሌላው መርዝ ነው። አሞኒያ ስንጥቡን ይጎዳል፤ ፒኤችና ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ መርዛማነቱ ይብሳል። ናይትራይት ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል ያደርገዋል፤ ደሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን እየሠራ ዓሣው አሁንም የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህ ችግር በአዲስ ገንዳ ላይ ይበረታል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቆየ ገንዳም ቢሆን ባክቴሪያዎቹ ከሞቱ እንደ አዲስ ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አሽቼ ነጭ እስኪሆን አጠብኩት። ንጹሕ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስፖንጁ ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው ያጠፋሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎቼ ሁሉ ላይ ተደርድረው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው፤ አሞኒያው ከፍ ብሎ ነበር፤ ሦስቱን አጣሁ። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ለስለስ ብሎ ነው።

መፍትሄ፦ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውሃ በዚያው ሰዓት ይቀይሩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይመሳሰል፣ ክሎሪኑም ይወገድ። የማጣሪያውን መውጫ ወደ ላይ አዙረው ገጹ እንዲናወጥ ያድርጉ፤ አየር ከውሃ ጋር በዋናነት የሚለዋወጠው እዚያ ነው። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ያቁሙ፣ በየቀኑ እየለኩ ውሃ መቀየሩን ይቀጥሉ። ናይትራይቱ ከፍ ካለ አዮዲን የሌለው ጨው በሊትር 1 ግራም ያህል አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከለክላል። ቅርፊት አልባ ዓሣዎችና አንዳንድ ዕፅዋት ግን ጨው አይስማማቸውም።

ውሃው በሁሉም መለኪያ ደህና ሆኖ አንዱ ዓሣ ብቻ ካለከለከ የስንጥብ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይለዩት።

ችግር፦ ያዘነብላል፣ ይገለበጣል፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል

በሰውነቱ ውስጥ ያለው፣ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ እንዲቆም የሚረዳው የአየር ከረጢት ሚዛኑን አልጠብቅለት ብሏል። ክብ ሰውነት ባላቸው የጎልድፊሽ ዝርያዎች ይህ የተለመደ ነው፤ ሆድ ዕቃቸው ተጨናንቆ የተቀመጠ በመሆኑ የሆድ ድርቀት ከረጢቱን ይጫነዋል። ተንሳፋፊ ደረቅ ምግብ ሲለቅሙም አየር አብረው ይውጣሉ።

መፍትሄ፦ ከ2 እስከ 3 ቀን አያብሉት። ጤነኛ አዋቂ ዓሣ በዚህ አይጎዳም። ከዚያ የተቀቀለና የተላጠ አተር በጥቂቱ ይስጡት። ለወደፊቱ የሚሰምጥ ምግብ፣ ወይም ውሃ ውስጥ የራሰ ይምረጡ። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለው ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም በተፈጥሮ የተጣመመ ሰውነት ሊሆን ይችላል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቶቹ ከሰውነቱ ተነስተው ከቆሙ ጉዳዩ ከአየር ከረጢቱ አልፏል፤ ሰውነቱ ውሃ ይዟል፣ የመዳን ዕድሉም ጠባብ ነው። ይህን ለማየት ከላይ ሆነው ይመልከቱት።

ችግር፦ ሰውነቱን ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር ያሻሻል

ሰዓቱን ያስተውሉ። ውሃ በተቀየረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጀመረ ክሎሪን ነው፤ የክሎሪን ማስወገጃ ወዲያው ይጨምሩ። ክሎሪን ለአንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ከቆየ ውሃ ይተናል፤ ክሎራሚን የተባለው ሌላው የቧንቧ ውሃ ማከሚያ ግን በማቆየት አይወጣም።

በቀናት ውስጥ እየበዛ ከሄደና የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጭ ነጥቦች ክንፉ ላይ ከታዩ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው፤ ኢክ የሚሉትም አሉ። ተሕዋሱ ከቆዳው ሥር እያለ መድኃኒት አይደርስበትም። የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ከተራባ በኋላ፣ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ነጥቦቹ ሲጠፉ ሕክምናውን ያቆማሉ፣ ከሳምንት በኋላ በእጥፍ ይመለስባቸዋል። መላውን ገንዳ ያክሙ፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ከሰል ያውጡ፣ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ለተጨማሪ ቀናት ይቀጥሉ። የሞቃት ውሃ ዓሣዎች ከሆኑ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 29 ወይም 30 ዲግሪ ማድረስ የተሕዋሱን ዑደት ያፋጥነዋል፤ ያን ጊዜ አየር ይጨምሩ።

ችግር፦ መስታወቱን ተከትሎ ያለ ዕረፍት ይወጣል ይወርዳል

በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቢታይ አያስደንቅም። ከቆየ ግን ገንዳው ጠቦታል፣ የራሱን ምስል እያየ ነው፣ ወይም ብቻውን ሆኗል። ጎኖቹን በወረቀት ይሸፍኑ፣ መብራቱን ይቀንሱ፣ መደበቂያ ይጨምሩ። በመንጋ የሚኖሩትን እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉትን ከ6 በታች አያኑሩ።

ሞሊ የተባለው ዓሣ ባለበት ቆሞ ሰውነቱን እንደ እባብ ካወዛወዘ ማዕድን ያነሰው ወይም የቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ የውሃውን ማዕድንና ሙቀት ከፍ ያድርጉ። ዓሣው እየተሽከረከረ የሚዋኝ ከሆነ ነርቩ ወይም ሚዛን መጠበቂያው ተጎድቷል። ጸጥ ባለና ብርሃኑ በቀነሰ ገንዳ ይለዩት፤ ከዚያ በላይ ማድረግ የምንችለው ትንሽ ነው፤ ይህን መናገር ለእኔም ይከብደኛል።

ሕመም የሚመስሉ ጤነኛ ዋናዎች

ኮሪዶራስ የተባለው ዓሣ ድንገት ወደ ላይ ተወንጭፎ አየር ጎርሶ ይመለሳል፤ አንጀቱ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። ቤታና ጎራሚም ከገጹ አየር ይተነፍሳሉ፤ እንዲያውም ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ ከተከደነ ይቸገራሉ። ሲኖዶንቲስ ኒግሪቬንትሪስ የተባለው የኮንጎ ተፋሰስ ዓሣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋኘው ተገልብጦ ነው። ክላውን ሎች በጎኑ ተዘርግቶ ይተኛል፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑ እንደተከፈተ ይቀራል፣ አዲስ ያየው ሰውም የሞተ ይመስለዋል። መረብ ከማንሳትዎ በፊት ምግብ ጣል ያድርጉለትና ይነሳ እንደሆነ ይዩ።